ቲማቲሜ በአንድ ጎኑ ብቻ ጠወለገ። ውሃ ጥም ነው ወይስ በሽታ?

የቀበናዋ
ሰኞ፣ ማታ 1፡40

ሰላም ለሁላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ አንብቤ ነው የማልፈው፤ ዛሬ ግን ቸግሮኝ ነው የጻፍኩት።

ቀበና ድልድይ አካባቢ የቤተሰብ ግቢ ውስጥ ነው የምንኖረው። ከቆርቆሮው አጥር ሥር 3 ሜትር በ2 ሜትር የምትሆን መደብ አለችኝ። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ 18 የቲማቲም ችግኝ ተከልኩባት። እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ ግቢያችን የገባ ሰው ሁሉ «ውይ ሲያምሩ!» ሳይል አይወጣም ነበር። እማዬ የሰው ዓይን ነው ትላለች። እሱን ለጊዜው እንተወው።

አሁን አምስቱ ጠውልገዋል። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ አንገታቸውን ይደፋሉ፣ ማታ ቀና ይላሉ፣ በማግስቱ ደግሞ ያው። ከታች ያሉት ቅጠሎች ቢጫ ሆነዋል። ግራ የገባኝ ግን ይሄ ነው፦ አንዱ ተክል በአጥሩ በኩል ያለው ግማሹ ቢጫ፣ በእኔ በኩል ያለው ግማሹ አረንጓዴ ነው። እንዲያውም አንድ ቅጠል አየሁ፣ ከመሃል አጥንቱ በግራ ቢጫ፣ በቀኝ አረንጓዴ። በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል።

ውሃ ጨመርኩ፣ ምንም። የእርሻ መድኃኒት የሚሸጥበት ሱቅ ሄጄ ሳስረዳ ማንኮዜብ ሰጡኝ። ሁለቴ ረጨሁ፣ ምንም። ዛሬ ጠዋት ስድስተኛው ጀመረ። ፍሬው ሊቀላ ጥቂት ቀን ሲቀረው እኮ ነው! ምንድን ነው ጉዱ?

ልደታ አራተኛ ፎቅ
ሰኞ፣ ማታ 1፡58

እንኳን ወደ ለቅሶ ድንኳኑ በሰላም መጣሽ። እኔም ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ በባልዲ የተከልኩት ቃሪያ አንገቱን ደፍቷል። ውሃ በየቀኑ አጠጣዋለሁ፣ እሱ ግን ይባስ ይላል። መልስ ካገኘሽ ለእኔም ይሆናል።

ሚጥሚጣ
ሰኞ፣ ማታ 2፡10

ምች ነው። አያቴ እንዲህ ሲሆን «ምች መታው» ብላ አመድ ትበትንበት ነበር። ውሃውንም በጠራራ ፀሐይ ታጠጪዋለሽ መሰለኝ። ማለዳ ወይ ማታ አድርጊው።

የቀበናዋ
ሰኞ፣ ማታ 2፡15

ውሃ የሚመጣልን በሳምንት ሁለት ቀን ሌሊት ነው እናቴ። በርሜል ሞልቼ ማለዳ ነው የማጠጣው። ጠራራው ላይማ ሥራ ነኝ።

ቅጠል አንባቢ
ሰኞ፣ ማታ 3፡30

የተማርኩት ዕፅዋት ጥበቃ ነው። አሁን ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ ተቀምጬ ሪፖርት ነው የምጽፈው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሳይ ደስ ይለኛል። ሐዘንሽ ደስ ብሎኝ አይደለም።

ያቺ ግማሽ ቢጫ ግማሽ አረንጓዴ ያልሻት ቅጠል ብዙ ተናግራለች። ውሃ የጠማው ቲማቲም ሁሉም ቦታ እኩል ነው የሚጠወልገው። ሲጠጣ ደግሞ ይነሳል። አንድ ጎን ብቻ ከሆነ ግን ውሃ አላነሰውም፤ ውሃ የሚያደርሰው መስመር ነው የተበላሸው። ግንዱ ውስጥ ከሥር ወደ ቅጠል ውሃ የሚያወጡ ቀጫጭን ቧንቧዎች አሉ። አፈር ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ፈንገሶች በሥር ገብተው እነዚህን ቧንቧዎች ይወርሳሉ። አንዱ ፉዛሪየም ይባላል፣ ሌላው ቨርቲሲሊየም። ተክሉም ወራሪውን ላግድ ብሎ የገዛ ቧንቧውን በሙጫ መሰል ነገር ይደፍናል። ፈንገሱም ይዘጋዋል፣ ራሱም ይዘጋዋል። በአጥሩ በኩል ያለው ቧንቧ ከተደፈነ በአጥሩ በኩል ያለው ቅጠል ብቻ ቢጫ ይሆናል። ፎቅ ላይ የምትኖሩ ይገባችኋል፤ ጎረቤት ውሃ አለው፣ የእናንተ መስመር ግን የለም።

ማንኮዜቡ ያልሠራውም ለዚህ ነው። እሱ ቅጠል ላይ ተለጥፎ ከውጭ የሚያርፈውን ፈንገስ ነው የሚከላከለው። ለምሳሌ ክረምት ላይ የድንችና የቲማቲም ቅጠል የሚያጠቁረውን በሽታ። ግንድ ውስጥ የገባው ጋ አይደርስም። አንዴ ግንድ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ብርሽን ቆጥቢ።

ግን በቅጠል ብቻ አልፈርድም። ነገ በጣም ከታመሙት አንዱን ከነሥሩ ንቀይው። ግንዱን ከሥሩ ጀምሮ ቁመቱን በቢላ ሰንጥቂው። መሃል ያለው ስፖንጅ መሳይ ነገር ነጭ ሆኖ፣ ዳርና ዳሩ ግን ከልጣጩ ሥር ቡናማ መስመር ካለው፣ እሱ የፈንገሱ ፊርማ ነው። መስመሩ ስንት ሳንቲሜትር ድረስ እንደወጣ ለኪው።

ከዚያ ሌላ 5 ሳንቲሜትር የሚሆን ቁራጭ ከግንዱ ግርጌ ቁረጪ። ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ አንጠልጥይው፤ ጫፉ ውሃውን ይንካ፣ የብርጭቆውን ታች አይንካ። ለ5 ደቂቃ ያህል ማንም እንዳይነካው። ከተቆረጠው ጫፍ እንደ ወተት ያለ ነጭ ክር ወደ ታች ከወረደ ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው ቲማቲሙን ገና አረንጓዴ እንደሆነ በጥቂት ቀን ነው የሚጥለው፤ ያንቺ እንደሱ አይመስልም፣ ግን እንይ። ሥሩ ላይም እንደ ዶቃ የተደረደረ እባጭ ካለ ንገሪኝ። ኔማቶድ የምትባል በዓይን የማትታይ ትል ናት፤ እሷ ሥሩን ስትወጋ ለፈንገሱ በር ትከፍታለች።

የቀበናዋ
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡20

ከሥራ ስገባ ነቀልኩት። 11 ፍሬ ነበረው፣ ሆዴ ተላወሰ።

እማዬ የሻይ ብርጭቆዋ ውስጥ የቲማቲም ግንድ በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅሎ ስታይ «ደግሞ ምን ጥንቆላ ጀመርሽ?» አለችኝ። ሩብ ሰዓት ሙሉ ሁለታችንም አፍጥጠን አየነው። ውሃው ጥርት እንዳለ ነው። ክር የሚባል ነገር የለም።

ግንዱ ግን ሌላ ነገር ነው። መሃሉ ነጭ፣ ዳርና ዳሩ የተቆላ ቡና ቀለም ያለው መስመር። ከሥሩ ጀምሮ ለካሁት፣ 40 ሳንቲሜትር ወጥቷል። በአጥሩ በኩል ያለው መስመር ከወዲህኛው ይጠቁራል። ሥሩ ላይ እባጭ የለም።

ወንድሜ (ወይ እህቴ፣ ይቅርታ አላወቅኩም)፣ ስለዚህ የትኛው ነው?

ልደታ አራተኛ ፎቅ
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡41

እኔም የእኔን ቆረጥኩት። መስመር የለውም፣ ነጭ ነው። ሥሩ ግን ቡናማ ነው፣ ሳሻሸው እንደ ካልሲ ልጣጩ ወልቆ እጄ ላይ ቀረ። ሽታው ደግሞ አይወራም። በረንዳው በሙሉ የታፈነ ምንጣፍ ሸተተ። ይሄስ የትኛው ፈንገስ ነው?

ቅጠል አንባቢ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡05

አራተኛ ፎቅ፣ ባልዲህ ከታች ቀዳዳ አለው?

ልደታ አራተኛ ፎቅ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡07

...ታች ያለችው ሴትዮ ልብሷ ላይ እንዳይንጠባጠብባት ብዬ አልበሳሁትም።

ቅጠል አንባቢ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡12

አሰምጠኸዋል ማለት ነው። ሥር አየር ካጣ ይበሰብሳል፣ ከበሰበሰ ውሃ አይስብም፣ ስለዚህ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠወልጋል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ተክሉ ከጠወለገ መጀመሪያ ሥሩን ማየት ነው። ባልዲውን ብሳውና ከሥሩ ሳህን አስቀምጥለት።

ወደ ቀበናዋ ልመለስ። እህትሽ ነኝ።

ባክቴሪያው ከጨዋታ ወጣ። የቀሩት ሁለቱ ፈንገሶች ናቸው። የትኛው እንደሆነ በዓይኔ ብቻ አውቄያለሁ የሚልሽን አትመኚ። ፍንጭ ግን አለ። ቨርቲሲሊየም ቀዝቀዝ ያለ አፈር ይወዳል። ቢጫው ከቅጠሉ ጠርዝ ጀምሮ ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚገባ ሦስት ማዕዘን ነው። የግንዱ ቀለም ፈዘዝ ይላል፣ ብዙውን ጊዜም ከታች አካባቢ ይቀራል። ፉዛሪየም ሙቀት ነው የሚፈልገው፤ አፈሩ ወደ 28 ዲግሪ ሲጠጋ ይበረታል። የግንዱ ቀለም ጠቆር ይላል፣ ወደ ላይም ርቆ ይወጣል። ግማሽ ጎን መያዝም የእሱ ጠባይ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ታልፋለች። ስለዚህ ምንም ሳላይ ብትጠይቂኝ ቨርቲሲሊየምን ነበር የምጠረጥረው። የአንቺ መደብ ግን የካቲት ላይ፣ ቀኑን ሙሉ የጋለ ቆርቆሮ ሥር ነው ያለው። 40 ሳንቲሜትር ወጥቷል። ወደ ፉዛሪየም አደላለሁ። የሚያረጋግጠው ላብራቶሪ ነው። የምትወስጂ ከሆነ ቁራጩን በጋዜጣ ጠቅልይው። ላስቲክ ውስጥ ከከተትሽው አልቦት ይበሰብስና የሚያገኙት ሌላ ሻጋታ ነው።

ለምን እጨነቃለሁ መሰለሽ? ቀጥሎ ምን ትተክያለሽ የሚለው በእሱ ስለሚወሰን ነው። የቲማቲሙ ፉዛሪየም ቲማቲምን ነው የሚያሳድደው፤ ጎመን ብትተክይበት አይነካውም። ቨርቲሲሊየም ግን ሆዳም ነው፤ ድንችም ቃሪያም ይበላል። ሁለቱም አፈር ውስጥ ተኝተው ለዓመታት ይቆያሉ፤ ቨርቲሲሊየም ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የትኛውም ቢሆን የማያስቆጭሽን ምረጪ፦ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በቆሎ።

የሰባት ቤት ልጅ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡50

ይሄ ነገር እኛ አገር እንሰቱን የሚፈጀው አጠውልግ ነው እንዴ? አባቴ በአንድ ዓመት ግማሽ ጓሮ ቀብሯል። ስሙን ስሰማ ያንገሸግሸኛል።

ቅጠል አንባቢ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡02

ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ሌላ ነው። የእንሰቱ አጠውልግ ባክቴሪያ ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ ናቸው እዚሁ ከኢትዮጵያ እንሰት ላይ ለይተው ለሳይንሱ ዓለም ያሳወቁት። የታመመውን እንሰት ስትቆርጠው ቢጫማ ፈሳሽ ያወጣል፣ አባትህን ጠይቃቸው። ቲማቲም ላይ አይመጣም። አንድ ነገር ግን ይጋራሉ፤ በቢላና በመቆፈሪያ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳሉ።

ጎመን በጤና
ረቡዕ፣ ጠዋት 12፡30

በዚሁ እግረ መንገዴን። አራት ኪሎ ጀርባ ጥቅል ጎመን አለኝ። ቀን ይተኛል፣ ማታ ይነሳል፣ ልክ እንደ ቀበናዋ። ግንዱን ሰነጠቅኩት፣ መስመር የለም። ሥሩ ግን ዝንጅብል ሆኗል። ዝንጅብል ስል ምሳሌ አይደለም፣ ብታዩት ለሻይ ትቀቅሉት ነበር።

ቅጠል አንባቢ
ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡15

እሱ የጎመን ዘር ብቻ የሚይዝ የሥር እባጭ በሽታ ነው። አምጪው ፈንገስ ይመስላል እንጂ አይደለም፣ ግን አፈር ውስጥ ለዓመታት በመቆየት ከእነሱ አይተናነስም። አሲዳማና ውሃ የሚቋጥር አፈር ነው የሚመቸው። ኖራ ጨምርበት፣ ጎመን፣ ሰናፍጭና ፍጅል ለረጅም ጊዜ እዚያ ቦታ አትመልስ። ሚጥሚጣ፣ የአያትሽ አመድ ትንሽ ሚዛን የሚደፋው እዚህ ላይ ነው፤ አመድ የአፈርን አሲድ ያለዝባል። የቲማቲሙ ፉዛሪየምም አሲዳማ አፈር ይስማማዋል። ስለዚህ አያትሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። የታመመውን ግን አያስነሳም።

ሚጥሚጣ
ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡20

አያቴ ነፍሷን ይማር፣ ይህን ብትሰማ ሠፈሩን በእልልታ ታደበላልቀው ነበር።

የድሮው አራዳ
ረቡዕ፣ ማታ 2፡00

ልጄ የቀበናዋ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ችግኙን ከየት አመጣሽው?

የቀበናዋ
ረቡዕ፣ ማታ 2፡11

ከእኛ ግቢ ማዶ ያሉ አንድ አባት ናቸው በአጥር ያቀበሉኝ ጋሼ። በጋዜጣ ጠቅልለው፣ «ይህ ዘር አገር ያውቀዋል» ብለው። ጥሩ ሰው ናቸው። መቆፈሪያውንም ያዋሱኝ እሳቸው ናቸው።

የድሮው አራዳ
ረቡዕ፣ ማታ 2፡40

እኔው ነኝ ልጄ።

ከሰኞ ጀምሮ ሳነብ ሆዴ ሲፈራ ነበር። ዛሬ ከሰዓት ከእኔው መደብ አንዱን ነቅዬ ሰነጠቅኩት። ቡናማ መስመር አለው። አምና ሁለት፣ ካቻምና አንድ ደርቆብኝ ነበር፤ ያረጀ ተክል ነው ብዬ አለፍኩት። እዚያች ቦታ ላይ ቲማቲም ስተክል ስድስተኛ ዓመቴ ነው። በየዓመቱ ከሚያምረው ፍሬ ዘር አስቀርቼ፣ እዚያው አፈልቼ፣ እዚያው እተክላለሁ። አንቺን ጨምሮ ለአራት ቤት ሰጥቻለሁ። ኩራቴ ነበረች፣ ያቺ ቲማቲም።

ይቅርታሽን እለምናለሁ።

የቀበናዋ
ረቡዕ፣ ማታ 2፡48

ኧረ ጋሼ! እርስዎ ኖት እንዴ? እኔ እኮ የወጣት ስም መስሎኝ ነው። ይቅርታ ምን ያደርጋል፣ በነፃ ሰጥተውኝ። እማዬ ሰላም ብላዎታለች።

ጎመን በጤና
ረቡዕ፣ ማታ 2፡55

ቢሆንም ሰው ችግኝ ሲሰጥ ማጣራት አለበት። አራት ቤት ቀላል ነገር አይደለም።

ቅጠል አንባቢ
ረቡዕ፣ ማታ 3፡10

ጎመን በጤና፣ ተው ልልህ ነው። ችግኝ ሲሰጥ እኮ ጤነኛ ነው የሚመስለው። ፈንገሱ ሥር ላይ ባለችው ጭብጥ አፈር ተደብቆ ይሄዳል፣ በዘርም ሊሄድ ይችላል። የሚታየው ብዙውን ጊዜ ተክሉ ፍሬ ሲይዝና ውሃ ሲፈልግ ነው። በዓይን ማጣራት አይቻልም።

ጋሼ፣ ራስዎን አይውቀሱ። ከእርስዎ መሄዱ ይመስላል እንጂ የቀበናዋ አፈር ቀድሞም ይኖረው ይሆናል፤ ማን ያውቃል? አሁን የሚጠቅመው ለሦስቱ ቤቶች መንገር ነው። የጠወለገውን ነቅለው በማዳበሪያ ከረጢት አስረው ለቆሻሻ ይስጡ። ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ እንዳይጥሉት፤ የጓሮ ብስባሽ ብዙ ጊዜ በደንብ ስለማይግል ፈንገሱ አይሞትም፣ በሚቀጥለው ዓመት መልሰው ይበትኑታል። መቆፈሪያው አፈሩ ይታጠብና አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ። ከዚህ ዓመት ፍሬ ዘር አያስቀሩ። እና ዩሪያ የምታበዙ ካላችሁ ቀንሱ፤ ለምለም ያደርገዋል፣ ለፉዛሪየም ግን ድግስ ነው።

ልደታ አራተኛ ፎቅ
ረቡዕ፣ ማታ 3፡14

ፍሬው ግን ይበላል? ለጓደኛዬ ነው የምጠይቀው።

ቅጠል አንባቢ
ረቡዕ፣ ማታ 3፡16

ያልበሰበሰው ይበላል። በሽታው የተክል ነው፣ የሰው አይደለም። ግንዱን የሰነጠቅክበትን ቢላ ብቻ እጠብ።

ሚጥሚጣ
ሐሙስ፣ ማታ 1፡30

ቤት ውስጥ ያለኝ የቲማቲም ዘር ቆርቆሮ ላይ «ሮማ ቪኤፍ» ይላል። እስከዛሬ የጣሊያን ስም መስሎኝ ነበር። ቪኤፍ ምንድን ነው?

ቅጠል አንባቢ
ሐሙስ፣ ማታ 2፡00

ይህን ጥያቄ ያመጣሽው አንቺ በመሆንሽ ከአመዱ ጋር አቻ ሆነናል።

ቪ ማለት ቨርቲሲሊየም ነው። ኤፍ ማለት ፉዛሪየም። ሁለቱን እንዲቋቋም ተመርጦ የወጣ ዝርያ ነው ማለት ነው። ከጎኑ ኤን ካለ ደግሞ ኔማቶድንም ይጨምራል። አገሩ ሁሉ ቆርቆሮውን ይገዛል፣ ፊደሉን የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። ስለ ሰዉ አልፈርድም፣ ማሸጊያው ላይ የሚያብራራ የለም።

ሁለት ነገር ግን ልብ በይ። ፉዛሪየም ራሱ በዓይነት በዓይነት ይለያያል፤ ሮማ ቪኤፍ የሚችለው አንደኛውን ነው። ሌላው ከመጣ ይወድቃል። ደግሞ «ይቋቋማል» ማለት «አይነካውም» ማለት አይደለም። ቢሆንም ለጋሼና ለቀበናዋ መደብ ከገበያ ቲማቲም ከተጨመቀ ዘር ሺህ ጊዜ ይሻላል። ድቅል ስላልሆነ ጋሼ እንደልማዳቸው ዘር ሊያስቀሩም ይችላሉ፤ ከጤነኛው፣ ከሌላ ቦታ።

የሰባት ቤት ልጅ
ሐሙስ፣ ማታ 2፡20

አፈሩን በላስቲክ ሸፍኖ በፀሐይ መቀቀል የሚባለውስ? ቪዲዮ ላይ አይቻለሁ።

ቅጠል አንባቢ
ሐሙስ፣ ማታ 2፡33

አፈሩ ረጥቦ፣ የሚያሳይ ላስቲክ ለብሶ፣ ጠርዙ ተቀብሮ ከ4 እስከ 6 ሳምንት። ቆላ ላይ ጥሩ ይሠራል። እዚህ ከፍታ ላይ ማታ ማታ ስለሚበርድ ላይ ላዩን ነው የሚያሞቀው። ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ላስቲኩ ካለህ ሞክር፣ ለእሱ ብለህ አትግዛ።

የቀበናዋ
ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ጠዋት 3፡00

ወሬ ላቀብላችሁ። ከ18ቱ ዘጠኙን ነቀልኩ። የቀሩት እስካሁን ቆመዋል፤ ሁለቱ ግን ከታች መቢጨት ጀምረዋል፣ ወዴት እንደሚሄዱ አውቃለሁ። ከቀሩት ላይ አንድ ሳህን ቀይ ለቀምኩ። በባዶው ቦታ ነጭ ሽንኩርት ሰካሁ። ለሚቀጥለው ዓመት ቲማቲም ደግሞ ስድስት የማዳበሪያ ከረጢት አዲስ አፈር ሞልቼ ከአጥሩ ርቄ በሲሚንቶው ላይ ላቆማቸው ነው። ከታች በስቻቸዋለሁ፣ አራተኛ ፎቅ እንዳይስቅብኝ።

ጋሼ በሦስቱም ቤት እየዞሩ ነገሩ። በአንደኛው ቤት ቡና ተፈልቶ፣ ሁሉም የየራሱን ግንድ ይዞ መጥቶ፣ መሃል ቁጭ ብለን ስንሰነጥቅ ዋልን። ከሁለት ቤት ቡናማ ወጣ። ከሦስተኛው ነጭ ነበር፤ የዚያ ቤት ባለቤት ችግኙን በዚህ ዓመት በቆሎ ከነበረበት አዲስ ቦታ ላይ ነው የተከሉት፣ ምናልባት እድል ይሆናል።

መቆፈሪያውን ስመልስላቸው በረኪና ሸትቶ የጋሼ ድመት ሸሸች።

የድሮው አራዳ
እሑድ፣ ጠዋት 3፡25

ድመቷ ተመልሳለች። እኔም ስድስተኛ ዓመቴን ጨርሼ መደቧን ለሽንኩርት ሰጠሁ። ቆርቆሮ ዘሩን አገኘሁ፣ ቪም ኤፍም አለው፣ መነጽር አድርጌ አነበብኩት።

የቀበናዋ
እሑድ፣ ጠዋት 3፡31

እሰይ ጋሼ። እማዬ ያንን ብርጭቆ መልሳ ሻይ አልጠጣችበትም። አሁን የእኔ ነው፤ ጠዋት ደግሞ ጎረቤት የቃሪያ ግንድ ይዞ በር አንኳኳ።